ጋቢ ለብሶ ደሴ የወጣ ኳስ

ከሚሴ የሳይንስ አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ዕቃ አንድ ረዥም የብርጭቆ ሙቀት መለኪያ፣ አንድ ማግኔት፣ እንዲሁም የሰው ዓይን የሚያሳይ፣ ግማሹን ምስጥ የበላው ሥዕል ነበር። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ማግኔቱ ጥሩ ማግኔት ነበር።

ሃምሳዎቹ ገና የገቡበት ጊዜ ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ከመምህራን ማሰልጠኛ እንደወጣሁ ከሚሴ ተመደብኩ። ከሚሴ ያን ጊዜ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተደረደረች፣ መኪና ሲቆምባት የምትነቃ፣ መኪናው ሲሄድ መልሳ የምታሸልብ ከተማ ነበረች። ጥቂት ቆይቼ ወደ ደሴ እዛወራለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። አገባሁና ቀረሁ።

ባለቤቴ የጨፋ ልጅ ናት። አባቷ ቦርከና ወንዝ ዳር ማሽላ የሚዘሩ፣ ከብት የሚያረቡ ሰው ነበሩ። እነሱ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ይነገራል፣ ገበያ ላይ አማርኛ ይነገራል፣ ሰው ሲቆጣ ሁለቱም ይነገራል። ኒካው ሲታሰር ከእኔ ወገን የመጣ ሰው አልነበረም። አባታችን ከሞቱ በኋላ የቤታችን ትልቅ ታላቅ ወንድሜ ነው። ደሴ የስፖርት አስተማሪ ነበር። እዚያው ሰፈራችን ውስጥ ለእኔ የምትሆን ልጅ አይቶ፣ ከቤተሰቦቿ ጋር ነገር ጀምሮ ነበር። እኔም ሳላስታውቀው አላገባሁም። አስታውቄዋለሁ። እሱ ግን ማስታወቅ ማለት መጠየቅ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም ተቋረጠ። እናታችን የምትኖረው እሱ ዘንድ ስለነበር፣ የሱ ኩርፊያ ሳትፈልግ የሷም ኩርፊያ ሆነ።

በዚያ ዓመት በትምህርት ቤቶች መካከል የእግር ኳስ ግጥሚያ ተጀመረ። የእኛን ቡድን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ኳስ ስለማውቅ አይደለም፣ ፊሽካ ስለነበረኝ ነው። ዕጣ ሲወጣ ደሴ ደረሰን፣ ግጥሚያውም ከሚሴ እንዲሆን ተወሰነ። የደሴን ቡድን ማን ይዞት እንደሚመጣ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የእኛ ኳስ የግራር እሾህ ወግቶት ስለነበር እንግዶቹ የራሳቸውን ይዘው እንዲመጡ አስታወቅን። ሌሊት ከደሴ ተነስተው ፀሐይ ሳትበረታ ከሚሴ ገቡ። ኳሱ ከጭነት መኪናው ላይ፣ ከልጆቹ ብርድ ልብስ ሥር ወጣ። ቆዳው የደሴን ብርድ እንደያዘ ነበር። የኛ ልጆች እንግዳ ሲቀበሉ ዕቃ መሸከም ወግ ስለሆነ ኳሱን ተቀብለው ወደ ሜዳው ሮጡ።

ወንድሜ ከጋቢና ወረደ። እጁን ሰጠኝና፣

«እንደምን አደራችሁ?» አለኝ።

ብቻዬን ነበር የቆምኩት።

ሜዳው ከከተማው ዝቅ ብሎ፣ ወደ ቦርከና በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሜዳው ላይ የሚግጡትን ከብቶች አባርረን እስክንጨርስ ድረስ ወንድሜ ኳሱን አንስቶ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱ ሰመጠ። ደግሞ ተጫነው። ከዚያ ቀና ብሎ የኛን ልጆች አንድ በአንድ አያቸው።

«ይህ ኳስ ተንፍሷል» አለ። «ደሴ ስነሳ ድንጋይ ነበር። ማነው የነካው?»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ላላ ባለ ኳስ የተሻለ ስለሚጫወቱ ነው ያላሉት የሚል ነገር ከደሴ ልጆች መካከል ተሰማ። ከኛ በኩል አንዱ በኦሮምኛ መለሰ። ደሴዎች ስላልገባቸው የባሰ ስድብ መሰላቸው። እኔ መሀል ገባሁ።

«ጋሼ፣ ማንም አልነካውም። ደሴ ከፍታ ነው፣ እዚያ አየሩ ሳሳ ይላል። እዚህ ቆላ ስትወርድ ከላያችን ያለው አየር ስለሚበዛ ኳሱን ከውጭ ይጫነዋል። የታሸገ አየር ደግሞ ሲጫኑት ይጠባል። ሕግ ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የተፈጥሮ።»

«እኔ የማውቀው የኳስ ሕግ ነው» አለ ወንድሜ።

እንጨት አነሳሁና መሬት ላይ መሣል ጀመርኩ። ክፍል ውስጥ እንደማደርገው አንድ ሳጥን ሠራሁ፣ ከላዩ ክዳን አደረግሁለት፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫንኩ። «እዩ» አልኩ፣ «ግፊቱ እጥፍ ሲሆን አየሩ የሚይዘው ቦታ በግማሽ ይቀንሳል። ግፊቱ ግማሽ ሲሆን ቦታው እጥፍ ይሆናል። አየሩ ግን ያው ነው። አንዲት ትንፋሽ አልጎደለችም። ይህ የሚሆነው እንግዲህ ሙቀቱ ካልተለወጠ ነው...»

ኳሱ ይህን ሁሉ ጊዜ ሜዳው ጫፍ ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ከደሴ ልጆች አንዱ ሄዶ ነካው።

«መምህር!» ብሎ ጮኸ። «ጠጥሯል!»

ወንድሜ ሄዶ ተጫነው። ጣቱ አልሰመጠም። ተመልሶ ፊቴ ቆመ።

«አንተ እዚህ ስታስተምረኝ እነሱ እዚያ መልሰው ነፉት?»

ፀሐይ እንዳሞቀችው፣ የታሸገ አየር ሲሞቅ ደግሞ እንደሚገፋ፣ ሕጉም «ሙቀቱ ካልተለወጠ» የሚለው ለዚህ እንደሆነ ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ኳሱ ለምን እንደላላ በአንድ ሕግ አስረድቼ ሳልጨርስ፣ ለምን እንደጠጠረ ሌላ ሕግ ብጨምር ምን እንደምመስል ታወቀኝ። ፊሽካዬን ነፋሁና ግጥሚያው ተጀመረ።

ተሸነፍን። የገባብንን ጎል ብዛት የሚያስታውስ ሰው እስካሁን ከሚሴ አይጠፋም፣ እኔ አልጨምርበትም። በማጭበርበር ተከስሶ እንደዚያ የተሸነፈ ቡድን ግን ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁም። ወንድሜ ይህን እንደ ማስረጃ አልቆጠረውም። «አጭበርብረውም አልሆነላቸውም» አለ።

ባለቤቴ ጨዋታውን ከሜዳው ጥግ ካለው ሾላ ሥር ሆና ስታይ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ቀጥ ብላ ወደ ወንድሜ ሄደች። ያን ቀን ነው መጀመሪያ የተያዩት።

«አሰላሙ አለይኩም። ምሳ ደርሷል፣ ይነሱ» አለችው።

ወንድሜ መሬቱን እያየ ሰላምታውን መለሰ። «እኔ እንኳ ከልጆቹ ጋር ነው የምበላው» አለ።

«ልጆቹም ተጠርተዋል።»

ሌላ ምክንያት ያዘጋጀ አልመሰለኝም። ዕቃውን ሰብስቦ ተከተላት፣ አሥራ ምናምን ልጅ ደግሞ እሱን ተከተለው። ወንድሜ እንደሚመጣ አባቷ ቀድመው ሰምተው ኖሮ ከጨፋ በግ ነድተው መጥተው፣ አሳርደው፣ «ከቤተሰብ ጋር ይጫወት፣ እኔ ልሂድለት» ብለው ተመልሰው ነበር።

ግቢያችን ውስጥ ተበላ። ወንድሜ ጥሩ አድርጎ በላ፣ ባለቤቴን ግን ቀና ብሎ አላያትም። ወተት ስታቀርብለት ለብርጭቆው ነው «ባረከላህ» ያለው። እጃችንን እንደታጠብን ስለ ኳሱ ቀጠልን።

«ከመጀመሪያውኑ እውነቱን ብትነግረኝ እኮ ነገሩ እዚህ አይደርስም ነበር» አለ።

«ምኑን ነው ያልነገርኩህ?»

«ስለ ኳሱ!»

«እኔም ስለ ኳሱ ነው የምልህ!»

የምንነጋገረው ስለ ኳስ ብቻ ነበር። ድምፃችን ግን ለአንድ ኳስ በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ልጆቹ መብላት አቆሙ። ያን ጊዜ ባለቤቴ የማስታጠቢያውን ውኃ ደፍታ ስትመለስ መሀላችን ቆመች።

«ነገሩ የከፍታ ነው አይደል የምትለው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ከዚህ ተነስቶ ደሴ ሲወጣ ይሰፋል?»

«ሙቀቱ ካልተለወጠ ይሰፋል።»

«እንግዲያው ይዛችሁት ውጡና እዩት። ሙቀቱ እንዳይለወጥ በጋቢ ይጠቀለላል። እኔም እመጣለሁ።»

እኔ ብዙ የታሰበበት የሳይንስ መሣሪያ ቢኖረኝ ከዚያ የተሻለ ሙከራ አላዘጋጅም ነበር። ወንድሜ ኳሱን ብብቱ ሥር አስገባው። ከዚያም፣

«እኔ ነኝ የምይዘው» አለ። «አለዚያ መንገድ ላይ ትነፉታላችሁ።»

ቡድኑን አብሮት ከመጣው አስተማሪ ጋር ከሰዓት በኋላ ሸኝቶ፣ እሱ እኛ ቤት አደረ። ከመተኛቱ በፊት ኳሱን ትራሱ ሥር አደረገው።

ጠዋት ኳሱን ፈታነው። ቆዳው አየሩን አጥብቆ ስለሚይዘው መስፋቱ እንዲታይ የውስጡ ላስቲክ ብቻ መሄድ ነበረበት። ላስቲኩን በብስክሌት መንፊያ ላላ አድርገን ሞላነው፣ የተሸበሸበ ሆድ መሰለ። አፉን ወንድሜ በገዛ እጁ አሰረ፣ ቋጠሮውንም ደጋግሞ አየው። ከዚያ የላስቲኩ ወገብ ላይ ክር አዞርኩና ቋጠርኩት። ወንድሜ ሌባ ጣቱን በክሩና በላስቲኩ መካከል አስገባ፣ ልክ ገባለት።

«ላስቲኩ ከሰፋ ደሴ ላይ ይህ ጣት አይገባም» አልኩት።

«ከገባስ?»

«ከገባ ልጆቼን ይቅርታ አስጠይቃቸዋለሁ።»

የትምህርት ቤቱን ሙቀት መለኪያ ከላስቲኩ ጎን አጋደምኩ። ባለቤቴ ጋቢ አምጥታ ጠቀለለችው። የእህቶቿን ልጆች ስትጠቀልል ያደገች ናት፣ እጇ የለመደውን ሠራ። ሥሩን አጥፋ፣ ጎኑን አጥብቃ፣ ከላይ ለፊት የሚሆን ክፍት ትታ ወንድሜን አሳቀፈችው። እሱም እንዲያ ሲሰጡት ማንም ሰው እንደሚያደርገው ክንዱን አጠፈና ተቀበለ። ሦስታችንም ያቀፈውን አየነው። መኪናው ጡሩንባ እየነፋ ነበር።

መኪናው ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና አንዱ ነበር። ከኋላ ማሽላ ተጭኖ፣ ከማሽላው ላይ ሰው ተቀምጧል። ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ ደሴ የሚሄዱ አንዲት እናት ወንድሜን ሲያዩ ጆንያቸው ላይ ጠጋ አሉ።

«ና ልጄ፣ እዚህ ይሻላል፣ ነፋስ እንዳይመታው» አሉት።

ወንድሜ ተቀመጠ። መኪናው ከከተማው እንደወጣ፣

«ስንት ወሩ ነው?» አሉት።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ኳስ ነው ቢል ለምን እንዳቀፈው ሊጠየቅ ነው። ያንን ለማስረዳት ደግሞ ሕጉን መናገር አለበት። ሕጉ ትናንት በብዙ ሰው ፊት ምን እንደሠራን አይቷል።

«ትንሽ ነው» አለ። ውሸት አልነበረም።

ሴትዮዋ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «እናቱ አንቺ ነሽ?»

«የለም» አለች ባለቤቴ። «የሳቸው ነው።»

«እናቱስ?»

«ደሴ ናት» አለ ወንድሜ ሳያስበው። ኳሱ የደሴ ትምህርት ቤት ነበር።

ሴትዮዋ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ በኋላ ከሚስት ጋር ተጣልቶ ልጁን ይዞ ቆላ ወርዶ የነበረ፣ አሁን በሽማግሌ የሚመለስ ሰው እንደሆነ በጆንያዎቹ ላይ በሙሉ ተወራ። እኔ ሽማግሌው ነበርኩ።

ሀርቡ ላይ ጭነት ሊወርድ መኪናው ቆመ። ወደ ወንድሜ ጎንበስ ብዬ ከጋቢው ውስጥ ሙቀት መለኪያውን ሳብ አድርጌ አየሁ።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«አልተለወጠም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሴትዮዋ። ከኋላ የተቀመጡትም ተቀበሏቸው። ለሕጉ እንደዚያ የተጨነቀ ጉባኤ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ወንድሜ እጁን ወደ ጋቢው ሰደደና ላስቲኩን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ሴትዮዋ ክንዱን ያዙት።

«ምነው! የሕፃን ሆድ እንዲህ ይጫኑታል?»

«መጠጠሩን ላይ ብዬ ነው።»

«ጠጥሯል?»

«ትንሽ።»

«ነፍቶታል በለኛ!»

«አዎ» አለ ወንድሜ። ምን ይበል? «አየር ነው።»

«አየር ከሆነ ቶሎ ማስወጣት ነው። ጤና አዳም አሽቶ ማቅመስ፣ ሆዱን በቅቤ ማሸት። ስጠኝ እኔ ላስወጣለት።»

«አይወጣም!» አለ ወንድሜ፣ ጋቢውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ። ትናንት ሜዳ ላይ እንኳ እንዲያ አልጮኸም ነበር። «አንዲትም እንዳትወጣ ነው የምንፈልገው።»

ሴትዮዋ እጃቸውን ሰበሰቡ። «እንዲህ ያለ አባት አላየሁም» አሉ፣ ለሱ ሳይሆን ለማሽላው።

ከሀርቡ እስከ ኮምቦልቻ ባለቤቴ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወደ ጨፋ በኩል ታይ ነበር፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድሜ አያት። የሚስቅ ትከሻ መሆኑን ሲያውቅ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም። ጋቢውን ከፀሐዩ ወደ ጥላው አዞረው።

ኮምቦልቻ ላይ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። ብዙ ቆየ።

«ክሩ ጠበቅ ብሏል» አለኝ በሹክሹክታ። ካገባሁ ወዲህ ለእኔ ብቻ ብሎ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ከኮምቦልቻ በላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። አየሩ ቀዘቀዘ፣ ሰው ሁሉ ነጠላውን ሳበ። እኔ ሕጉ በዚህ ብርድ እንዳይበላሽ ፈርቼ የራሴን ኮት አውልቄ በጋቢው ላይ ደረብኩ። ሴትዮዋ ይህንን ሲያዩ እኔን መረቁኝ። ሽማግሌውስ ልብ አለው አሉ።

ደሴ ደርሰን ከመኪናው ስንወርድ ሴትዮዋ ቀደም ብለው ሄዱ። የት እንደሚሄዱ አልጠየቅንም። ወንድሜ ላስቲኩን እመንገድ ላይ መፍታት አልፈለገም። «ቤት ገብተን፣ ተቀምጠን፣ በደንብ እናያለን» አለ። ቤቱ ወደሚገኝበት ዳገት ቀስ እያልን ወጣን።

እዚህ ላይ ማናችንም ያላሰብነው ነገር፣ ሴትዮዋ የሰፈራችን ሰው መሆናቸው ነው። እኔ ሰፈሩን ከለቀቅሁ በኋላ የገቡ ናቸው፣ ወንድሜም ትምህርት ቤት ስለሚውል አያውቃቸውም። እናታችንን ግን ያውቋታል። መንገድ ላይ አግኝተዋት፣ የልጇን መልክ፣ የሽማግሌውን ቁመት፣ የሕፃኑን ሕመም ነግረዋት ወደ ቤታቸው አልፈዋል። እናታችን ካሏት ሁለት ልጆች አንዱ አግብቶ የተኳረፋት፣ ሌላው ሚስቱ ሞታበት ሳይወልድ የቀረ ነው። ለእሷ የደረሳት ወሬ ሁለቱ ልጆቿ ታርቀው፣ ከቆላ ሕፃን ታቅፈው እየመጡ ነው የሚል ነው።

በሩ ላይ ደርሰን ጎረቤቶቹ ሁሉ ቆመው ስናይ ሰው የሞተ መሰለን። ከዚያ እልልታው ተጀመረ።

እናቴ ሰው መሀል ሰንጥቃ መጣች። እኔን አልሳመችኝም። ወንድሜን አላየችውም። ሁለት እጇን ዘርግታ ጋቢውን ከክንዱ ወሰደች። ወንድሜ ሊከለክላት አልቻለም፣ ሊሰጣትም አልቻለም፣ ክንዱ እንደታጠፈ ባዶውን ቀረ።

እናቴ ጋቢውን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ወዘወዘችው። እልልታው እንደቀጠለ ነበር። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ምነው ቀለለ?» አለች።

የጋቢውን ጫፍ ገለጠች። ላስቲኩ ክሩን ታጥቆ፣ ሙቀት መለኪያውን ታቅፎ ተኝቷል። እልልታው ከፊት ወደ ኋላ ቀስ እያለ ቆመ።

«ምንድነው ይኼ?»

«የኳስ ላስቲክ ነው፣ እማ» አለ ወንድሜ።

«ለምን ታቀፍከው?»

«ብርድ እንዳይመታው።»

እናቴ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ላስቲኩን አልጣለችውም። እኔ አንድ ነገር መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝና «ሙቀቱ ካልተለወጠ...» ስል ወንድሜ «ዝም በል» አለኝ። ትክክል ነበር።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ከኋላዬ ወጣችና ጎንበስ ብላ የእናቴን ጉልበት ሳመች።

«አንቺስ የማን ነሽ?» አለቻት እናቴ።

እኔ ከመመለሴ በፊት ወንድሜ መለሰ። «የወንድሜ ሚስት ናት፣ እማ። የከሚሴዋ። ትናንት እሷ ቤት ነው የበላሁት፣ እሷ ቤት ነው ያደርኩት።»

እናቴ ባለቤቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «አንቺም ለዚህ ላስቲክ ብለሽ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?»

«አይደለም» አለች ባለቤቴ። «እኔ እርስዎን ላይ ነው የመጣሁት። እነሱ ያለ ላስቲክ አልመጣ ስላሉ ነው።»

እናቴ መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። ሳቋ ሲረዝም ሳቅ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ፊታቸውን አዙረው ወደየቤታቸው ገቡ፣ ደግ ሰፈር ነው። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ላስቲኩን ለወንድሜ መለሰችለትና የባለቤቴን እጅ ይዛ ወደ ቤት ገባች። እኛን ግቡ ያለን የለም።

ደጅ ቀረን። ወንድሜ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ጋቢውን ሙሉ በሙሉ ፈታ። ሙቀት መለኪያውን ራሱ አነበበ፣ እንደ ጠዋቱ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ላስቲኩ ላይ ሽብሽቡ ጠፍቷል። ሌባ ጣቱን በክሩ ሥር ሊያስገባ ሞከረ። ጎኑን ቀይሮ ሞከረ። ትንሿን ጣቱንም ሞከረ።

«አይገባም» አለ።

«አዎ።»

«የጨመረበት ሰው የለም። ከእጄ አልወጣም።»

«የለም።»

«ያው አየር ነው።»

«ያው ነው። የሚጫነው ሲቀንስ ተዘረጋ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ልጆችህ አልነኩትም ማለት ነው።»

«አልነኩትም።»

«ለኔዎቹ እነግራቸዋለሁ» አለና ጋቢውን ማጣጠፍ ጀመረ። አጥፎ ሲጨርስ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «በጉን ያሳረዱት አባቷ ናቸው?» አለኝ።

«እሳቸው ናቸው።»

«ለኒካውም እንዲሁ አርደው ነበር?»

«አርደው ነበር። ላንተና ለእማም ድርሻ አስቀምጠው፣ በሦስተኛው ቀን ለጎረቤት አካፈሉት።»

አጥፎ የጨረሰውን ጋቢ ፈታና እንደገና ማጠፍ ጀመረ።

አመሻሹ ላይ እኒያ ሴትዮ ጤና አዳምና ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ። እናቴ በር ላይ ተቀብላ፣ አመስግና፣ «አሁን ተሽሎት ተኝቷል» ብላ ሸኘቻቸው። ቅቤውን ራት ላይ በላነው።

ወንድሜ እንዳለው አደረገ። በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪዎቹን ሰልፍ ላይ አቁሞ የከሚሴ ልጆች ንጹሕ እንደሆኑ ነገራቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ሕግ አለ» ብሎ አለፈ። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መካከል ግጥሚያ ሲኖር ኳስ የሚነፋው ግጥሚያው ባለበት ሜዳ ላይ፣ በሁለቱም ቡድን ፊት ሆነ። እኛም በየሜዳው፣ በተስማማንበት ኳስ፣ ያለ ክርክር ተሸነፍን።

ክረምቱ እንደወጣ እናቴ አማቾቿን ልይ ብላ ከወንድሜ ጋር ወደ ከሚሴ ወረደች። በዕድሜዋ ቆላ ወርዳ አታውቅም። ጋቢና ውስጥ አስቀምጠዋት ኮምቦልቻን እንዳለፉ ጆሮዋ ተደፈነ። ወንድሜ ከውጭ ያለው አየር እየበዛ ጆሮሽን ስለሚጫነው ነው፣ ምራቅሽን ዋጪ ብሎ ሲያስረዳት፣ ስላልሰማችው ማስረዳቱን እየጮኸ ደጋገመው። ሾፌሩ በኋላ ለከተማው ሰው ሁሉ አወራው።

የባለቤቴ አባት አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መንገድ ዳር ቆመው ጠበቋት። እናቴ ስትወርድ እጇን ይዘው፣ እንደ ወጉ፣ ስለ ጤናዋ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤቷ፣ ስለ ሰፈሯ በኦሮምኛ ረዥም ሰላምታ አቀረቡላት። እናቴ ኦሮምኛ አትችልም፣ ያን ሰዓት ደግሞ ምንም አይሰማትም። በጨረሱ ቁጥር ፊታቸውን እያየች «አልሐምዱሊላህ» ትል ነበር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የባለቤቴ አባት ፊት በራ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው፣ እናትህ ይህን ያህል የአገራችንን ወግ ታውቃለች ብለህ ለምን አልነገርከኝም አሉኝ።

እናቴ ማሽላው እስኪታጨድ ከእኛ ጋር ቆየች።